ፊልሙ አልተበላሸም፤ ማጫወቻው ነው ያልቻለው

ከጦርነቱ በፊት ነው። በካርቱም ዴም ሰፈር በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ፣ የልጃቸው ሠርግ የተቀረጸበትን ሲዲ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ይዘው ሄዱ። እዚያ የነበረው ወጣት ሲዲውን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተተ፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ማያው ላይ ፋይሉን መክፈት እንደማይቻል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ወጣቱም ሲዲውን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ይኼ ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ይጣሉት» አላቸው።

እኒያ እናት ቤታቸው የተመለሱት የሞት መርዶ እንደ ሰማ ሰው ነው። በዚያ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን የመረቁት ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲንቀሳቀሱና ሲናገሩ የሚታዩበት ሌላ ምንም ነገር በቤቱ አልነበረም። ሲዲው ወደ እኔ የመጣው «እስኪ አንተም እየው» በሚል ተስፋ በቆረጠ ቃል ነበር። በዚያው ምሽት በሌላ ማጫወቻ ተከፈተ። ሁለት ቦታ ላይ ይዘላል፤ አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ይሰባበራል። ምርቃቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል።

ይህን የማነሣው ያን ወጣት ለመውቀስ አይደለም። እርሱ የተናገረው ሁላችንም የምንናገረውን ነው። «አልከፍት አለ» ማለትና «ተበላሸ» ማለት በእኛ ዘንድ አንድ ሆነዋል፤ እጅግ ብዙ የቤተ ሰብ ታሪክም በዚህ አንድ ስሕተት ምክንያት ወደ ቆሻሻ ተጥሏል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ስሕተት ጋር ነው። አቋሜንም ከመነሻው በግልጽ ላስቀምጠው። የተለያየ ዘመንና የተለያየ ዓይነት ፊልም በቤቱ ያለው ሰው ማጫወቻ መምረጥ ያለበት በመልኩ አይደለም፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር ስለ መጣም አይደለም፤ በእጁ ያለውን እጅግ አሮጌና እጅግ የተጎዳ ፊልም መክፈት በመቻሉ ነው። ማጫወቻው ለስብስቡ ይስማማ እንጂ፣ ለማጫወቻው ሲባል ስብስቡ አይቆረጥ፣ አይለወጥ፣ አይጣል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየቤታችን ያለው ምንድን ነው?

የአንድ የካርቱም ስደተኛ ቤተ ሰብ የፊልም ስብስብ አንድ ወጥ ሆኖ አያውቅም። ከሁሉ በታች ያለው የቪዲዮ ካሴት ነው፤ አብዛኛው ቆይቶ ወደ ሲዲ ተገልብጧል። ከዚያ ቪሲዲ ይመጣል። በ1993 ደንቡ የወጣለት ይህ ሲዲ ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልበለጠ ፊልም ይይዛል፤ የምስሉም ስፋት 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። የአማርኛ ፊልምና የዘፈን ክሊፕ በመተማ በኩል ወደ እኛ ይጎርፍ የነበረው፣ የሠርግና የክርስትና ፊልምም ለባለቤቱ የሚሰጠው በዚህ ነበር። በላዩ ላይ ዲቪዲ አለ፤ ከዋሽንግተን ወይም ከሳውዲ ዘመድ የላከው። ቀጥሎ በመጀመሪያዎቹ ባለ ካሜራ ስልኮች የተቀረጸ፣ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ስሪ ጂፒ አለ። ከዲሽ ሪሲቨር በፍላሽ የተቀዳ የበዓል ፕሮግራም አለ። በመጨረሻም የዛሬው ስልክ የሚቀርጸው፣ ጥራቱ እጅግ ከፍ ያለ፣ ነገር ግን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚያንገዳግድ ፊልም አለ።

እነዚህ ሁሉ ለዓይን «ፊልም» ይባሉ እንጂ በውስጣቸው የተለያዩ ናቸው። ኤቪአይ ወይም ኤምፒ4 የሚለው ስም የመያዣው ስም ነው፤ መያዣው እንደ መሶብ ነው። መሶቡን ከውጭ አይቶ በውስጡ ያለው የጤፍ እንጀራ ይሁን የማሽላ ማወቅ አይቻልም። ምስሉና ድምፁ ተጨምቀው የተቀመጡበት ስልት ኮዴክ ይባላል፤ ማጫወቻው መሶቡን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ኮዴክ ካላወቀው፣ ምስሉ ጠቁሮ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ወይም ምስል እያለ ድምፅ ይጠፋል፤ ወይም ከነጭራሹ እምቢ ይላል። ከዚህ ሁሉ አንዱም የፊልሙን መበላሸት አያመለክትም። የሚያመለክተው ማጫወቻው ያን ቋንቋ አለመማሩን ነው። አማርኛ የማያነብ ሰው አንድ የአማርኛ ደብዳቤ ቢሰጡት «አላነበውም» ይላል እንጂ «ደብዳቤው ተበላሽቷል» አይልም። ኮምፒዩተሩ ሲናገረው ግን አምነን እንቀበላለን።

«ኮምፒዩተሩ ይዞት የመጣው ይበቃኛል» ለሚሉ

የመጀመሪያዎቹ ተከራካሪዎቼ እነዚህ ናቸው። ዊንዶውስ የራሱ ማጫወቻ አለው፤ ሌላ መጫን ለምን አስፈለገ ይላሉ። አዲስ የተቀረጸ ፊልም ብቻ ለሚያይ ሰው ክርክራቸው እውነት ሊሆን ይችላል። አሮጌ ስብስብ ላለው ግን የዊንዶውስ ታሪክ ራሱ ይመሰክርባቸዋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ዲቪዲ ለማየት የሚያስፈልገውን ኮዴክ ይዞ አልመጣም ነበር፤ ከሌላ ቦታ መጨመር ግድ ነበር። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ዲቪዲ ማጫወትን ከማጫወቻው ጨርሶ አወጣው። የአይፎን ስልኮች ከ2017 ጀምሮ መጠቀም የጀመሩትን ኤችኢቪሲ የተባለ ኮዴክ ለመክፈት ደግሞ ማይክሮሶፍት በራሱ መደብር ተጨማሪ ቁራጭ በአንድ ዶላር ገደማ ሸጧል።

አንድ ዶላር ምን አላት የሚል ይኖራል። ነገሩ ከገንዘቡ አይደለም። ያችን አንድ ዶላር በኢንተርኔት ለመክፈል ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፤ በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ይህ ካርድ በኪሱ እንዳልነበረ አንባቢ ያውቃል። የኩባንያ ማጫወቻ የሚከፍተውንና የማይከፍተውን የሚወስነው ኩባንያው ስለ ፈቃድ ክፍያና ስለ ገበያ ባደረገው ስሌት ነው። የእናታችን ምርቃት በዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም። ዛሬ የከፈተውን ነገ በሚወጣው እትም ሊተወው ይችላል፤ አድርጎታልም።

«ኮዴክ ማውረድ ነው እንጂ» ለሚሉ

ሁለተኛዎቹ የተሻለ ያውቃሉ። ፊልሙ እምቢ ሲል የጎደለውን ኮዴክ ፈልጎ መጫን ነው ይላሉ። ኬ-ላይትን የመሰለ ተጠቅልሎ የተዘጋጀ የኮዴክ ስብስብ በ2000ዎቹ ዓመታት በየኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ነበር፤ ሠርቷልም፤ አልክድም። ሆኖም ይህ መንገድ ሁለት አደጋ አለው።

አንደኛው፣ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ ኮዴኮች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ ይዘጋል፤ ምክንያቱንም የጫነው ሰው ራሱ አያውቀውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። «ይህን ፊልም ለማየት ኮዴክ ያውርዱ» የሚለው ጥሪ የሌቦች የተለመደ ወጥመድ ሆነ። በ2005 መጨረሻ የታወቀው ዝሎብ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ወደ ሰው ኮምፒዩተር ይገባ የነበረው የቪዲዮ ኮዴክ መስሎ ነው። የእናቱን ድምፅ ለመስማት የቸኮለ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይጫናል፤ ወጥመዱም የተዘረጋው ለዚህ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ኮዴኮቹን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚመጣና ከማንም የማይለምን ማጫወቻ መያዝ ጥበብ ነው።

«ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት እንቀይረው» ለሚሉ

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ሦስተኛዎቹን ነው፤ ምክንያቱም ጉዳታቸው አይመለስም። ማጫወቻው ኤምፒ4 ይወድዳል፤ እንግዲያው ያለንን ሁሉ ወደ ኤምፒ4 እንቀይርና አሮጌውን እንጣል ይላሉ። ለዚህም ሥራ የሚያስከፍሉ አሉ፤ «ጥራቱን ኤችዲ እናደርገዋለን» ብለውም ተስፋ ይሰጣሉ።

እውነቱ ይኸውና። የተጨመቀ ፊልም እንደገና ሲጨመቅ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። 352 በ288 ሆኖ የተቀረጸ ፊት፣ ቢለጠጥ ይሰፋል እንጂ ያልተቀረጸ ሽብሽብ አይወጣለትም። ዲቪዲ ሁለት ወይም ሦስት የድምፅ መስመርና የትርጉም ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ በጥድፊያ ሲቀየር ብዙ ጊዜ አንዱ ድምፅ ብቻ ይተርፋል፤ የቀረው ይጠፋል። ከካሴትና ከዲሽ የተቀዳ ፊልም ደግሞ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ መስመሮች የተሠራ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ነገሩ የሚታወቀው እስክስታ ሲመጣ ነው፤ ትከሻው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ጥሩ ማጫወቻ ይህን በማጫወት ላይ እያለ ያስተካክለዋል፤ ዋናውንም ፊልም አይነካም። ሳያስተውሉ የቀየሩት ፊልም ላይ ግን ያ የማበጠሪያ ጥርስ ለዘለዓለም ተጋግሮ ይቀራል።

ለስልክ የሚሆን ቅጂ ማዘጋጀትን አልቃወምም፤ ለዘመድ መላክ መልካም ነው። የምቃወመው ዋናውን መጣልን ነው። ማጫወቻ በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተጣለ ዋና ግን አይመለስም።

ካርቱም ያስተማረችን

ይህን ክርክር በሌላ አገር ሆኜ ባነሣው ኖሮ ምናልባት እንዲህ አልከርርም ነበር። ሌላ ቦታ የጎደለውን ነገር ከኢንተርኔት ማውረድ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሱዳን ውስጥ የኖርን ግን ማውረድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን።

የአሜሪካ መንግሥት በኅዳር 1997 በሱዳን ላይ የጣለው ሰፊ ማዕቀብ እስከ ጥቅምት 2017 ቆይቷል። በእነዚህ 20 ዓመታት ማዕቀቡ የነካው ባንክንና ንግድን ብቻ አልነበረም፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ነክቷል። በጥር 2010 ብዙ ነጻ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ሶርስፎርጅ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ከሱዳን፣ ከኩባ፣ ከኢራን፣ ከሰሜን ኮሪያና ከሶርያ የሚመጣን ተጠቃሚ በማዕቀቡ ሕግ ምክንያት ከልክሏል። ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች የተፈቀዱት በየካቲት 2015 ነበር። ነጻ የተባለ ነገር እንኳን በር ላይ ፓስፖርት ሊጠየቅበት እንደሚችል ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ማዕቀቡ ሲነሣ ሌላው መጣ። በሰኔ 2019 መጀመሪያ ላይ በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰልፈኞች በኃይል ከተበተኑ በኋላ፣ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። በጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግም ለሳምንታት ተቋረጠ። ከዚያም ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። በየካቲት 2024 በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ግንኙነት ጸጥ አለ። ሠራዊቱ ዋና ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግን ስንቱ ቤት ተዘርፎ ስንቱ ኮምፒዩተር ጠፋ!

በጋላባት በኩል ወደ መተማ ከተሻገረው ወገን መካከል ትልቅ ሻንጣ መያዝ የቻለው ጥቂት ነው። ብዙው የያዘው ስልኩንና ሰነዱን ነው፤ ዕድለኛው በልብሱ ስፌት ውስጥ ፍላሽ አስገብቶ ነበር። ፍላሹ ደርሶ፣ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩት «ይህን ፋይል መክፈት አይቻልም» የሚል መልስ ቢመጣና ኢንተርኔትም ባይኖር ያ ሰው ምን ያድርግ? በጥይት መካከል ያወጣውን የአባቱን ፊልም፣ በአንድ የጎደለ ኮዴክ ምክንያት ተበላሽቷል ብሎ ይጣለውን?

ስለዚህ ለእኛ ዋናው መመዘኛ ይህ ነው፦ ማጫወቻው ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ምዝገባ፣ በተዋሱት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

እንግዲያው የትኛው?

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ለእኔ የሚቀድመው ቪኤልሲ ነው፤ ብርቱካንማውና ነጩ የመንገድ ቆብ ምልክቱ የሆነው። ሥራው የተጀመረው በ1996 በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል በተባለ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች እጅ ነው። ዓላማቸው የሳተላይት ቴሌቪዥንን በግቢያቸው የኮምፒዩተር መረብ ማሠራጨት ነበር። በየካቲት 2001 ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ፕሮግራሙ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ቪዲዮላን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ የፈረንሳይ ማኅበር ነው፤ በጥር 2025 የወረደበት ብዛት ከ6 ቢሊዮን ማለፉን አስታውቋል። ማስታወቂያ የለውም፤ ስም አይጠይቅም።

አወላለዱ ለእኛ ጉዳይ ትርጉም አለው። በመረብ ላይ የሚመጣ ምስል በመንገድ ላይ ቁራጭ ይጎድለዋል። ስለዚህ ይህ ማጫወቻ ከጅምሩ የተሠራው የጎደለውን ዘልሎ የቀረውን እንዲያሳይ ነው። የተቧጨረ ቪሲዲ ሲገጥመው፣ በግማሽ ተገልብጦ የቀረ ኤቪአይ ሲሰጡት፣ ሌላው «አልችልም» ብሎ ሲቆም እርሱ ጥቂት ተንተባትቦ የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዴኮቹ በውስጡ ናቸው። ሦስተኛው ትውልዱ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ይሠራል፤ በማክም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም አለ። መጫኛው ከ50 ሜጋባይት ብዙም ስለማያልፍ ከፊልሞቹ ጋር በአንድ ፍላሽ ይቀመጣል፤ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ የሚሠራ እትምም አለው።

ሌላም ጥቅም አለ። የዲቪዲ ኩባንያዎች ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፍለው ነበር፤ አሜሪካ ክልል 1፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ወደቁ። ከዋሽንግተን በአክስት የተላከ ዲቪዲ በካርቱም ማጫወቻ ላይ እምቢ ይል የነበረው በዚህ አጥር ነው። የኮምፒዩተሩ ዲቪዲ ማንበቢያም ክልሉን ከ5 ጊዜ በላይ አያስቀይርም። ቪኤልሲ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አጥር ያልፈዋል። ድምፅና ከንፈር ሲለያዩ በ«ጄ» እና በ«ኬ» ቁልፎች ያስማማል፤ በእስክስታው ላይ ያየነውን የማበጠሪያ ጥርስ በ«ዲ» ቁልፍ ያጠፋል፤ ደካማ ድምፅን ከመቶው በላይ ከፍ ያደርጋል።

እንከን የለውም ግን አልልም። ሙግት እውነትን መደበቅ አይደለምና። መልኩ ደረቅ ነው፤ የማስተካከያ ገጹ ጀማሪን ያደናግራል፤ አንዳንድ ጊዜ ፊልሙን ወደ ኋላ ሲመልሱት ይንገዳገዳል፤ የቀለም ጥራት የሚከታተሉ ሰዎች ኤምፒቪ የተባለውን ነጻ ማጫወቻ ይመርጡለታል፤ ልክ ናቸው። ኤምፒቪ ግን ቁልፎቹን በቃል ለማያውቅ ሰው አይመችም። ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ለደካማ ኮምፒዩተር ቀላልና ፈጣን ነው፤ የቀድሞ ሠሪዎቹ በ2017 ሥራውን ቢያቆሙትም ሌላ በጎ ፈቃደኛ ቀጥሎታል። ከኮሪያ የመጣው ፖትፕሌየርም ብዙ ይችላል፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ ነገር ግን የውስጥ አሠራሩ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ባለቤቱ በሩን ሊዘጋው ይችላል። ነጻው ፕሮግራም ግን ሠሪዎቹ ቢተዉት እንኳ፣ በሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ እንዳየነው፣ ሌላ እጅ ያነሣዋል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ማጫወቻን ማምለክ አይደለም፤ ቪኤልሲን መሠረት አድርጎ፣ ከጎኑ ሌላ አንድ ነጻ ማጫወቻ ለምስክርነት ማስቀመጥ ነው። በሁለቱም እምቢ ያለ ፊልም ብቻ ነው «ታሟል» ሊባል የሚገባው።

ያን ጊዜም እንኳ «ሞቷል» አይባል። ስልክ እየቀረጸ ባትሪው ሲያልቅ የሚቀረው ኤምፒ4 ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምስሉ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ መጻፍ የነበረበት ማውጫ ነው። እንዲህ ያለውን ቪኤልሲም አይከፍተውም። ነገር ግን በዚያው ስልክ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ፊልም ካለ፣ ከእርሱ አርአያ ወስደው የጎደለውን ማውጫ መልሰው የሚሠሩ የጥገና ፕሮግራሞች አሉ። የማይከፈት ፋይል በተስፋ ይቀመጥ እንጂ አይሰረዝ።

በአረብኛ ለሚያነቡ ልጆች

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል፤ «ሁሉ ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል። ዘፈኑ አለ፤ ፊልሙም አለ። የአያታችን ድምፅ ግን ዩቲዩብ ላይ የለም። ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ካልተከፈተ ከምድር ላይ የለም።

ይህ ደግሞ ከትዝታ በላይ ነው። በካርቱም ተወልደው በአረብኛ የተማሩ ልጆቻችን አማርኛን በጆሮ ይሰማሉ፤ የአያት አማርኛ ግን፣ የጎንደር ወይም የወሎ ገጠር አነጋገር ሲሆን፣ ያመልጣቸዋል። ጥሩ ማጫወቻ ለዚህ መፍትሔ አለው። ንግግሩን ሰምቶ በአረብኛ ወይም በግልጽ አማርኛ በትርጉም ጽሑፍ ፋይል ማዘጋጀትና ከፊልሙ ጋር በአንድ ስም በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብን፤ ቪኤልሲ ፊልሙን ሲከፍት ጽሑፉንም አብሮ ያወጣል። ዋናው ፊልም አይነካም፤ ጽሑፉ ሲያስፈልግ ይታያል፤ ሳያስፈልግ ይጠፋል።

የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ፣ በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ኒያላን ወይም ኢብሪማን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ያለው የጽሑፍ ቅርጽ ከተመረጠ፣ አማርኛው በሳጥንና በጥያቄ ምልክት ፋንታ በፊደሉ ይወጣል። በዩኒኮድ ሳይሆን በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነ ግን የሚታየው የላቲን ቃርሚያ ነው፤ ይህም ቢሆን መበላሸት አይደለም፤ እንደገና መጻፍ ነው የሚያሻው።

ፈተናው

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የእኔን ቃል አትመን፤ ፈትነው። ከቤትህ አምስት ነገር ሰብስብ፦ እጅግ የተቧጨረውን ቪሲዲ፣ ከውጭ አገር የተላከልህን ዲቪዲ፣ በአሮጌ ስልክ የተቀረጸውን ስሪ ጂፒ፣ ከዲሽ የተቀዳውን የበዓል ፕሮግራም፣ ትናንት በስልክህ የቀረጽከውንም። ሲዲ ማንበቢያ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካውን ተዋስ። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፋ። የምትመርጠው ማጫወቻ አምስቱንም፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ ካሳየህ ያዘው፤ ካላሳየህ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን ተወው።

ማጫወቻውን ስታወርድ ከራሱ ከቪዲዮላን ማኅበር ድረ ገጽ ብቻ ይሁን፤ በስሙ የሚነግዱ አስመሳዮች ብዙ ናቸው። መጫኛውንም ካወረድክ በኋላ አትሰርዘው፤ ከፊልሞቹ ጋር በየፍላሹ ገልብጠው፤ መረቡ በተዘጋ ቀን የምትፈልገው እርሱን ነው። ሲዲዎችህን የካርቱም ሙቀት ሳይጨርሳቸው ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጥ፤ ግልባጩ ሁለት ይሁን፤ አንዱም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። ይህን ጦርነቱ አስተምሮናል።

እኒያ ጎረቤቴ ዛሬ በካርቱም የሉም፤ እንደ ብዙዎቻችን ድንበር ተሻግረዋል። የሄዱት የባለቤታቸውን ምርቃትና የማጫወቻውን መጫኛ በአንድ ፍላሽ ይዘው ነው። ሲዲው ቤቱ ውስጥ ቀርቶ ከቤቱ ጋር ጠፍቷል። «ይጣሉት» የተባለውን ቃል ሰምተው ቢሆን ኖሮ ግን የሚሸሹበት ቀን ሳይደርስ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ ጠፍቶ ነበር።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን ከመጣላችሁ በፊት ማጫወቻውን ለውጡ።